እግር የማያስገባ ሱሪ

«የስፌት መኪና ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ቀና እንኳን ሳትል።

«እንዴ፣ በደንብ ነዋ!»

ውሸት! ልጅቷ መኪናውን የምታውቀው በመስታወት በኩል ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚህ ሱቅ ደጃፍ ላይ የጫማዋን ማሰሪያ የማትፈታበት ቀን የለም። ፈትታ፣ ቀስ ብላ መልሳ እስክታስር ትር-ር-ር ሲል ትሰማዋለች። ያ ድምፅ ሆዷን ሲያባባው! እናቷ «የሚያስተምርሽ ካገኘሽ ተማሪ፣ ማን ከለከለሽ» ብላታለች። ግን ማን ያስተምራት? የስፌት ማሰልጠኛው «አስራ ስምንት ሲሞላሽ ነይ» አላት። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ደግሞ «እኛ እንሰፋለን እንጂ አናስተምርም፣ የኔ እህት» ብሎ ሸኛት። እዚህኛው ሱቅ መስታወት ላይ ዛሬ የተለጠፈው ወረቀት ግን «ረዳት እፈልጋለሁ» ይላል። ታዲያ ምን ትበል?

«በይ ይሄን ሱሪ አሳጥሪው፣ ምልክት አድርጌበታለሁ» አለችና ልብስ ሰፊዋ ደንበኛ ልታናግር ወደ በሩ ሄደች።

ፔዳሉን ነካ ስታደርገው መኪናው ፈረጠጠ። ደስ ሲል! ጨርቁ ከጣቷ ስር ሄደ፣ ሄደ፣ አለቀ። አንስታ ስታየው ግን ክው አለች። የሱሪውን እግር ፊትና ኋላ አንድ ላይ ሰፍታዋለች። ድፍን!

ሱሪውን ከልብሱ ክምር ስር ሸጉጣ «እትዬ፣ እናቴ ጠራችኝ» ብትል ማንም አይይዛትም። ከዚያስ? ነገ በየትኛው ፊቷ በዚህ ታልፋለች? መንገድ ልትቀይር ነው? ያንን ድምፅ ላትሰማው ነው?

ሱሪውን እንደያዘች ተነሳች።

«እትዬ... ዋሽቼዎታለሁ። መኪና ስነካ ዛሬ ገና ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። «ሰውየው እግሩን በየት በኩል ሊያወጣ ነው?»

ደንበኛዋ በሳቅ ሞተች። ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

«እኔ የፈለግሁት ረዳት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ክሩን ከመርፌው መዘዘችና ከደብተር የተቀደደ ባለመስመር ወረቀት መኪናው ላይ ጣል አደረገች። «ጀማሪ በወረቀት ነው የሚጀምረው፣ ያለ ክር፣ መስመሩን ሳይስት። ሁለት ሳምንት ጨርቅ አትነኪም። ካልተመቸሽ በሩ ያው። ከቆየሽ ግን መጀመሪያ ያበላሸሽውን ፍቺ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ወረቀት መብሳት!

ልጅቷ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ ጎተተች። ሱሪውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር።