ያለ «ኒው» የተጠሩት ታካሚ

አሮጊቷ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሞተው ተገኙ። ፔኒሲሊን ለሳቸው መርዝ ነበር፤ ሲመዘገቡም ተናግረዋል። የነርሷ ስክሪን ግን «አለርጂ የለም» አለ። ነርሷም ፔኒሲሊኑን ወጋቻቸው።

በማግስቱ ፖሊስ የያዘው ፕሮግራመሩን ነው። ባልደረቦቹ «ግግሙ» ይሉታል። ስክሪኑን የሚያሠራውን የጃቫስክሪፕት ኮድ የጻፈው እሱ፤ ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካውም በእሱ የይለፍ ቃል።

እዚያው ኮምፒውተር ክፍል አስቀምጠው አፋጠጡት።

«የእኔ ስህተት ነው ብለህ ፈርም» አለችው መርማሪዋ። «ይቀልልሃል።»

«ሞቼ ነው የምፈርመው!»

«እና ማን ነው? ነርሷ?»

«እሷ ምን ታድርግ! ያየችውን ሠራች። ኮዱን ይክፈቱልኝና ላሳይዎት።»

የክፍሉ ኃላፊም ተጠርቶ መጣ። ግግሙ ዕድሜውን ሙሉ «ጋሼ» ሲለው የኖረ፣ እሱ ግን በየስብሰባው የግግሙን ሥራ የራሱ አድርጎ የሚያወራ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱን የሚሸከምለት የበታች አያጣም።

«እኔ ይህን ኮድ ከፍቼው አላውቅም» አለ ገና ሳይጠየቅ።

ግግሙ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ኮንስትራክተር ናት፤ ለታካሚ ካርድ የምትከፍት የኮድ ክፍል። ስትጠራ ከፊቷ ‹ኒው›፣ ማለትም ‹አዲስ›፣ የሚል ቃል ካለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ካርድ ተከፍቶ ስሙና አለርጂው እዚያ ይጻፋል። ‹ኒው› ከሌለ ካርድ የለም። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያስቆመው ጥብቁ ሁነታ ስላልበራ ደግሞ ሁሉንም በአንድ የጋራ ሰሌዳ ላይ ትለቀልቀዋለች። የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሳል።»

መርማሪዋ አጎንብሳ አየች። «‹ኒው› የለችም። ረስተሃታላ!»

«ብረሳትማ ስክሪኑ ወዲያው ይበላሽ ነበር፤ የሌለ ካርድ እየፈለገ! ያጠፋት ሰው ብልሽቱን አይቷል። ‹ኒው›ን መመለስ ሲገባው፣ ስክሪኑ ከጋራው ሰሌዳ እንዲያነብ ይቺን ሌላ መስመር ለወጠ። ከአሮጊቷ ቀጥሎ አለርጂ የሌለው ሰው ተመዘገበ፤ በቃ፣ የሳቸው ተደመሰሰ። እንዲህ የሚጠግን ደንቆሮ ብቻ ነው።»

የኃላፊው ፊት በርበሬ መሰለ።

«ማን ነው ደንቆሮ? በአንድ ታካሚ ሲሞከር አንድ እንከን አልነበረውም!»



«ከፍተውት የማያውቁትን ኮድ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ፣ «መቼ ሞከሩት?»

ኃላፊው ዞሮ ዞሮ ለፈለፈ። ሆስፒታሉን ለሚጎበኙ እንግዶች «እኔ አሻሻልኩት» ሊል ኖሯል። ‹ኒው› ትርፍ ቃል መስላው ጠረጋት። የገባውም ራሱ ባደለው በግግሙ የይለፍ ቃል ነው፤ ከተበላሸ በማን እንደሚላከክ አስቀድሞ ያውቃል።

«ሲበላሽብህ ለምን አልጠየቅከኝም?» አለው ግግሙ። ጋሼ ቀርቷል።

«አንተን? እኔ አንተን ልለምን?»

ፖሊሶች ኃላፊውን ሲወስዱት የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ፈገግ እያለ ገባ፤ እጁንም ዘረጋ። «ወንድሜ፣ ሥራህ ይጠብቅሃል። ለሟች ቤተሰቦች ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው እንላለን። አንተም እንዳልሰማህ ሁን።»

ግግሙ እጁን አልጨበጠም።

«ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። የአሮጊቷ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ገዳይ እያሉ ሲረግሙኝ እርስዎ እዚያው ቆመው ሰምተዋል፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አሁን ወጥተው የማን እጅ እንደሆነ ይንገሯቸው። እርስዎ ካፈሩ እኔ ጮኼ እነግራቸዋለሁ!»

በሩን ወለል አድርጎ ከፈተውና ዳይሬክተሩ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ።