ካሉት በታች

እንዴት ናችሁ ብዬ ልጀምር እችላለሁ። "እኔ አለሁ" ብዬ ግን አልጀምርም። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይሳቅ፣ አልቀየመውም።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ከየቢሮው የሚወጣበት ሰዓት። ቦታው የአንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት፣ ከመንገዱ በታች።

መጀመሪያ ግን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ።

ታላቄ ነው። ጋሼ እለው ነበር። ሥራው ሊፍት መጠገን። በዕድሜው ተራራ ወጥቶ አያውቅም፤ ግን ከእጁ የማይለይ አንድ የተራራ ጉዞ መጽሐፍ ነበረው። አንድ መንገደኛ በረዶ የለበሰ ተራራ ወጥቶ እስኪወርድ ያየውን የጻፈበት፣ ድሮ የታተመ፣ ዛሬ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች በቀር የትም የማይገኝ።

ጋሼ የመውጫውን ምዕራፎች በቃሉ ይወጣቸዋል። የመውረጃውን ግን አንድም ቀን ገልጦ አያውቅም።

"ለምን?" ስለው፣

"መውረድማ እንጀራዬ ነው፤ በነጻ አልወርድም" ይለኛል።

እጁ ከግራሶ ጠርቶ አያውቅም። የመውጫው ገጾች ጠርዝ በሙሉ የአውራ ጣቱ ጥቁር አሻራ አለበት። የመውረጃው ገጾች ግን ንጹሕ ናቸው።

ይህችን ያዙልኝ።

እሱና የሥራ ጓደኛው አንድ ሕግ ነበራቸው። አንዱ የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሌላው ከላይ ይቆማል። ከላይ ያለው "አለህ?" ብሎ ይጣራል። ከታች "አለሁ!" የሚል መልስ ካልተሰማ ቁልፍ አይነካም። ከተሰማ ይጫናል፤ ሊፍቱ ይንቀሳቀሳል።

ጋሼ መልሱን እንኳ ያለ ቀልድ አይሰጥም።

"አለሁ! ካሉት በታች፣ ከሞቱት በላይ!"

እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሞተ። ልቡ ነው አሉ።

የተቀበረ ዕለት የሥራ ጓደኛው እጄን ይዞ ወደ ጥግ ሳበኝ።

"እህቴ... ወንድምሽ የሞተው ሳልጣራ በፊት ነው ይላል ሐኪሙ።"

"እና?"

"እኔ 'አለህ?' ብዬዋለሁ።"

"እና?"

ዙሪያውን አየ። ድምፁን ቀነሰ።

"አለሁ ብሎኛል።"

...

ከዚያ ወዲህ እናቴ በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ትደውልልኛለች። ሌላ ወሬ የላትም።

"አለሽ?"

"አለሁ፣ እማዬ።"

"ተመስገን።"

ትዘጋለች። የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ።

የወንድሜ ሚስት ዕቃውን እያየች መኖር ሲከብዳት ለመጣው ሁሉ አደለችው። መጽሐፉም አብሮ ሄደ። ያኔ ነው እማዬ የለመነችኝ።

"የእጁ ምልክት ያለበትን ያንን መጽሐፍ ፈልጊልኝ። ዳብሼው ልሙት።"

ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ከመንገድ ዳር ሻጭ ገዛሁ። የመውጫውን ገጾች አገላበጥኩ፤ ንጹሕ። የእሱ አይደለም ብዬ ልዘጋው ስል...

የመውረጃው መጀመሪያ ላይ ጥቁር አሻራ።

አውራ ጣት። ትልቅ።

አንዱ መካኒክ አንብቦት ይሆናል አልኩ።

ሁለተኛውን ሌላ ሰፈር አገኘሁ። ሽፋኑ በሌላ ቀለም የታተመ ነው። መውጫው ንጹሕ። አሻራው ግን እንደዚያኛው መጀመሪያው ላይ አልነበረም። ወደ መሐል ገብቷል።

በሌላኛው ደግሞ መሐሉን አልፏል። አሸተትኩት። ግራሶ ነው። ገና አልደረቀም።

አንድ ሰው በተለያዩ መጽሐፎች ውስጥ፣ ካቆመበት እየቀጠለ፣ ይወርድ ነበር።

መተው ነበረብኝ። ግን እናትን እንዴት እምቢ ይሏታል?

ይህ በደረሰብኝ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ ሻጭ ደወለልኝ። መልኩ ከመጽሐፎቹ ስለማይለይ አቧራው ነው የሚሉት።

"ተራራሽ ተገኝቷል" አለኝ።

ሱቁ ጋሼ የሞተበት ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ያንን ሊፍት ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ በደረጃው ወረድኩ።

"ሌላ መጽሐፍ ጠፋ እንዴ፣ የኔ ልጅ? ይሄን ሁሉ ተራራ ገዝተሽ ሜዳ ላይ ልትተክይው ነው?" አለ አቧራው።

አልሳቅኩም። ገለጥኩት።

የመውጫው ገጾች ጠርዝ በሙሉ ጥቁር ነው። የእሱ ነው! የጋሼ! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ መውረጃውን ገለጥኩ።

እሱም ጥቁር ነው።

እያንዳንዱ ገጽ። እስከ ታች ድረስ። የመጨረሻዋ ቅጠል ብቻ ንጹሕ ናት።

"አባባ፣ ይሄን ማን ሸጠልህ?"

"እኔስ የገዛሁት አይመስለኝም" አለ ራሱን እያከከ። "ጠዋት ስከፍት ሊፍቱ በር ላይ ነበር።"

መጽሐፉን በደረቴ አቅፌ ወጣሁ። ደረጃው ጋ ስደርስ ሁለት ተሸካሚዎች አንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ግድግዳና ግድግዳው መሐል ተሰንቅሮባቸው ከላይ ቆመዋል። ድመት እንኳ አያሳልፍም።

"ወንድሞቼ፣ መቼ ነው የሚነሳው?"

"እኛማ ለምነነዋል፣ እህቴ። እምቢ ያለው እሱ ነው።"

ሳቁ።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ሊሆን ነው። እማዬ ልትደውል ነው። እዚያ ምድር ቤት አንድ ደቂቃ መቆም አልፈለግኩም። አንድ ፎቅ ነው ብዬ ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ። ወደ ላይ የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ተነሳ። ትንሽ ሄደ።

ቆመ።

በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ። ጥሬ ግንብ። የተሸካሚዎቹ ሳቅ ከላይ ይሰማኛል። ልጣራ አፌን ከፈትኩ...

"አለሽ?"

ተመስገን፣ ሰምተውኛል አልኩ።

ግን እኔ ገና አልተጣራሁም።

ድምፁም የመጣው ከላይ አይደለም። ከእግሬ ሥር ነው።

"አለሽ?"

ጋሼ ነው። ያ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ ሊቀልድ ሲል የሚጎተት ድምፁ። ስንት ቀን በሕልሜ እንኳ እምቢ ያለኝ ድምፅ! መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ሕጉ ትዝ አለኝ።

መልስ ከሰማ ይጫናል።

አፌን በመዳፌ አፈንኩ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። እማዬ። ካላነሳሁ ሁለተኛዋም ልጄ ሞተች ብላ በቆመችበት ትወድቃለች። ካነሳሁና ከመለስኩ ከታች ያለው ይሰማል። ሹክሹክታም ቢሆን መልስ ነው።

አነሳሁት። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ትንፋሽ ብቻ ትስማ ብዬ።

"አለሽ?" አለች እማዬ።

"አለሽ?" አለ ከታች።

አፌን ይበልጥ አፈንኩ። ጥርሴ መዳፌ ውስጥ ገባ። ምንም አላልኩም። እምላለሁ፣ ምንም።



ከዚያ እማዬ ሳቀች። ጋሼ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

"አንቺም የወንድምሽን ቀልድ ወረስሽ?" አለች። "ግን ምነው ግማሹን አስቀረሽው? 'አለሁ፣ ካሉት በታች' ብለሽ ዝም? 'ከሞቱት በላይ'ስ?"

ልጮኽ ፈለግኩ።

"ይሁን። ድምፅሽን ከሰማሁ ይበቃኛል። ተመስገን።"

ዘጋችው።

ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ። ወደ ታች።

በስንጥቁ ውስጥ የምድር ቤቱ መብራት ታየኝ። አቧራው በሩ ላይ ቆሟል። ጭንቅላቱ... ደረቱ... ጫማው... እያለ ወደ ላይ አለፈኝ።

ከምድር ቤቱ በታች ፎቅ የለም።

መጽሐፉ እጄ ውስጥ በራሱ ተገልጦ ነበር። የመጨረሻዋ ቅጠል ላይ አዲስ አሻራ አለ። እርጥብ። የጋሼ አይደለም፤ ትንሽ ናት።

አውራ ጣቴን ወደ ሊፍቱ መብራት አነሳሁት።

ጥቁር ነው።