የቁምሪያ ነውር

በሂጅራ አቆጣጠር በሁለት መቶ አሥራ አራት ዓመት፣ ጤግሮስ ሞልቶ የባግዳድን የጀልባ ድልድይ ባናወጠበት ሰሞን፣ የግምጃ ቤቱ ሹም ኢብን ሁርሙዝ ዘፋኝ ባሪያ ሊገዛ ከነጋዴው ከአቡ ነድር ቤት ገባ። የምትሸጠው ቁምሪያ ነበረች፤ ሁለት መቶ ዜማ በቃሏ የያዘች፣ አርባውን ራሷ የደረሰች፣ ዑድ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያዋን ስትመታ ጎረቤቱን ሁሉ ሥራ የምታስፈታ ሴት!

ሹሙ ግን አንድም ዜማ አልሰማም። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ቆጠረ፤ ጣቶቿን አጠፈ፣ ዘረጋ፤ እንደ በቅሎ አዙሮ አያት። ደሟ ፈላ፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

"ዜማዎቿም አብረው ናቸው አይደል? ከእንግዲህ በእኔ ስም ነው የሚዘፈኑት" አለ ሹሙ።

"ምን ጥያቄ አለው ጌታዬ! እሷም የእርስዎ፣ ዜማዋም የእርስዎ!" አለ አቡ ነድር።

በአገሩ ሕግ ሻጭ የባሪያውን ነውር አንድ ሳያስቀር ማስጻፍ አለበት፤ የተደበቀ ከተገኘ ሽያጩ ይፈርሳል። ውል ጻፊው ሽማግሌ ሸኽ አቡ ሐፍስ ብዕሩን አነሳ። "ነውር አለባት?"

"ኧረ በፍጹም! እንከን አይወጣላትም።"

"አለብኝ እንጂ" አለች ቁምሪያ። "አባቴ፣ ይጻፉልኝ። እኔ ሰው ነኝ እላለሁ። የደረስኩትን ዜማ ያለ ስሜ አልዘፍንም፤ ብገረፍም አልዘፍንም።"

"ዝም በይ አንቺ! ወፍጮ ቤት ነው የምወረውርሽ!" አለ አቡ ነድር።

"ወርውረኛ! እዚያም በስሜ ነው የማንጎራጉረው።"

ሹሙ ከት ብሎ ሳቀ። "ይሄ ደግሞ ምን ነውር ነው? አይጻፍ!"

"ጌታው፣ የመጡት ዜማዋን ፈልገው ነው፤ እሷ ደግሞ አልሰጥም አለች" አለ ሸኹ። "በጆሮዬ ሰምቼ ብተወው ለፈጣሪዬ ምን እመልሳለሁ?" ከዚያም ረጋ ብሎ ጻፈ፦ ጥርሷ ሙሉ ነው፤ በግራ ክንዷ ጠባሳ አለ፤ ነውሯ፣ ዜማዋን ያለ ስሟ አትዘፍንም፤ ሰው ነኝ ትላለች።

ሹሙ ጽሑፉን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። "ይህን ወረቀት ይዤ የሰው መሳቂያ ልሁን?" ብሎ ሳይፈርም ወጣ።

ቁምሪያ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ገባች፤ ጣቶቿም ከዚያ ወዲህ ዑድ አልነኩም። ግን ምን ያለች ሴት ናት! ለፈጪዎቹ ሴቶች ዜማ ስታስተምር፣ ከእያንዳንዱ በፊት "ይህ የቁምሪያ ነው" ሳትል አትጀምርም ነበር፤ ሴቶቹም እንደዚያው ብለው ይቀበሏት ነበር።

ዘመን አለፈ፤ የሹሙ አዳራሽ ፈረሰ፤ ዜማዎቹም ከፈጪዎቹ ጋር አፈር ገቡ። ያልተፈረመው ውል ብቻ ለአንድ መጽሐፍ ሽፋን ማጠንከሪያ ሆኖ ተረፈ፤ ጠራዡ ሲከረክመው ግን ስሟ ያለበትን ጫፍ ቆርጦ ጣለው። ሽፋኑ ባረጀ ጊዜ ከሥሩ ብቅ የሚለውን መስመር ያነበበ ሁሉ፣ ማን እንደሆነች ሳያውቅ፣ "ሰው ነኝ ትላለች" ይላል።