ወደ አራተኛው አዳራሽ

የሙዚቃ ድግሱ በአራት አዳራሾች ሊካሄድ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ የእንግዶችን ምቾት እንድትከታተል የተመደበችው ወጣት አንድ ነገር አልገባት አለ። ከሦስተኛው አዳራሽ እስከ አራተኛው ያለውን መንገድ ራሷ ሄዳበታለች፤ ሰዓቷም ዘጠኝ ደቂቃ ብሏል። ታዲያ ለትናንቱ ልምምድ ከተጋበዙት ሰዎች እኩሌታው እንዴት ዘፈኑ ካለቀ በኋላ አራተኛው አዳራሽ ደረሱ?

ሥራ አስኪያጁ ለመመራመር ትዕግሥት አልነበራቸውም። «አራተኛው ይሰረዝ! ነገ ፕሮግራሙ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ባልደረቦቿ «ወይዘሪት ደቂቃ» የሚሏት በከንቱ አልነበረም፤ ያልተፈታ ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። ያን ዕለት ከሰዓት እርምጃዋን እየቆጠረች መንገዱን እንደገና ተያያዘችው። ከአቀበታማው ደረጃ መሐል አንድ የእንጨት ወንበር አገኘች። አንዲት እናት ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ፤ የአራተኛው አዳራሽ ፒያኖ ቃኚ ቦርሳቸውን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል።

«ወንበሩን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ፤ እማዬ እንድታርፍበት። ስቃኝ እማዬ አጠገቤ ካልተቀመጠች ደግሞ ስህተቴን የሚነግረኝ የለም።»

«ውሸቱን ነው!» አሉ እናቱ። «ብቻዬን ትቶኝ መውጣት ፈርቶ ነው። አንቺስ ልጄ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው መሬት መሬት የምታዪው?»

«ደቂቃ ጠፍቶኝ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው አብረሽን ሂጂ። ግን እኔ በኤሊ ሰዓት ነው የምሄደው!»

ሦስት ጊዜ ቆሙ። ቃኚው የእናቱን እግር ሳያይ፣ ሊቆሙ ሲሉ ቀድሞ ይቆማል። ይህም ገረማት።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ትንፋሿን እሰማለሁ» አለና ቀና ብሎ አያት። እሷም ሰዓቷን ማየት ረሳች።

በሩ ላይ ሲደርሱ ባነነች። «ከሦስተኛው አዳራሽ ስንት ሰዓት ነበር የተነሳችሁት?»

«ልክ ስምንት ሰዓት» አለ ቃኚው።

አሁን ስምንት ሰዓት ከሃያ ስድስት ሆኗል። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ለካ የከተማውን ሰው ሁሉ እግር በራሷ እግር ለክታ ኖሯል!

«አዳራሹ ከተሰረዘ አንተ ምን ትሆናለህ?»

«ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እንሄዳለን» አላት፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የፒያኖውን ክዳን ቀስ ብሎ እየከፈተ።

በማግስቱ ማለዳ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የአዳራሹ ሳይሆን የኔ ነው። መንገዱን የለካሁት በራሴ ፍጥነት ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው አዳራሽ ዝግጅቶች መካከል ግማሽ ሰዓት ይኑር፤ በየመቶ እርምጃውም መቀመጫ ይደረግ።»

«ይህ በቃለ ጉባኤ ቢሰፍርስ?»

«ይስፈር።»

በመነጽራቸው አናት ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ሰው ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ እንዲህ ሲሟገት ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አሉና የሰረዙትን መልሰው ጻፉት።

በድግሱ ቀን አራተኛው አዳራሽ ሙዚቃው ሳይጀመር ሞላ። ቃኚው እናቱን ይዞ መጨረሻው ረድፍ ላይ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዝም ብትዪ እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ለምን ተናገርሽ?»

«እውነት ስለሆነ ነው» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «ደግሞም… እንዳትሄድ ብዬ።»

እሱ የያዘውን ፕሮግራም አጣጥፎ መልሶ ዘረጋው። እናቱ ከወዲያ በኩል አንገታቸውን አሰገጉ።

«ልጄ፣ ይሄ መልስ እስኪሰጥሽ ታረጂያለሽ፤ እኔ ልንገርሽ፤ አይሄድም!»

«እሽሽ!» አለ የፊቱ ረድፍ። መብራቱ ጠፋ፤ ሙዚቃው ሊጀመር ነበር። ቃኚው በጨለማው ውስጥ እጇን ፈልጎ ያዘ።