ከደወሌ ወዲያ ያለው ዘፈን

የዘፈን ደራሲው በዛብህ የማይክሮፎኑ ሽቦ አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር ካለው ካሴት ቤቱ ጀርባ፣ በመቅረጫ ክፍሉ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። መርማሪው መቶ አለቃ ወልደጻድቅ ሲደርስ የቀበሌ ጠባቂዎች ኪንሲን አስረዋት ነበር። የበዛብህን ካሴት ያለ ፈቃድ አባዝታ በባቡር ወደ ጅቡቲ እያሻገረች የምትሸጥ ነጋዴ ናት።

የሟቹ ሚስት የሺአረግ የመርማሪውን እጅ ያዘች። «ጓድ መቶ አለቃ፣ አዲሱን ዘፈኑን አድኑልኝ። ሌላ የተወልኝ ነገር የለም።»

ወልደጻድቅ ዋናውን ካሴት ከቴፑ አወጣ። በላዩ ሌላ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተሰብራለች፤ ቀዳዳው ግን በተጠቀጠቀ ወረቀት ተደፍኗል።

«አቦ፣ እኔ አልገደልኩም!» አለች ኪንሲ።

«ካሴቱን ግን ታሻግሪያለሽ።»

«አሻግራለሁ! እዚያ ማን ይከሰኛል? የእናንተ ሕግ ደወሌ ጠረፍ ሲደርስ ከባቡር ይወርዳል።»

«በዛብህ ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል። ‹መከልከል ካልቻልኩ ስሜን አትቁረጪ› ብሎኛል። ወላሂ፣ ስሙን ካልሰማ የሚገዛኝ የለም።»

የበዛብህን ዜማዎች የሚጫወተው ዘፋኙ ሃሺ ተቆጣ። «ሌባ ናት! ነገ ጅቡቲ ሄጄ የራሴን ዜማ ላስቀርጽ ነው፤ የኔንም ትሰርቃለች።»

«ዜማ ትደርሳለህ እንዴ?»

«አሁን ጀመርኩ።»

የሺአረግ ቀና ብላ አየችው።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ወልደጻድቅ ሁሉንም ሰብስቦ ካሴቱን አጫወተው። መጀመሪያ ዝምታ፣ ከዚያ ዘፈኑ።

«በዛብህ ካሴቱን የሚጀምረው ‹ግጥምና ዜማ በዛብህ፣ ድሬዳዋ› ብሎ አይደል?»

«ሁልጊዜ» አለች የሺአረግ።

«እዚህ ግን ጠፍቷል። ቀዳዳውን የደፈነው ሰው በላዩ ዝምታ ቀድቶ ስሙን ብቻ አጥፍቷል፤ ዘፈኑን ትቶታል። ኪንሲ ገበያዋ ስሙ ነው። ወይዘሮ የሺአረግም ዘፈኑ የባሏ መሆኑን የምታስረዳው በዚያው ስም ነው። ስሙ የሚያስፈራው ዘፈኑን የኔ የሚለውን ሰው ብቻ ነው። ሃሺ፣ ነገ የምታስቀርጸው የትኛውን ዜማ ነበር?»

ሃሺ እጁን ዘርግቶ ቴፑን አጠፋው። «በዛብህ ‹ጅቡቲ ድረስ መጥቼ እከስሃለሁ› አለኝ። ፈራሁ።»

«ሊከስህ አይችልም ነበር። የኛን ደራሲ እዚያ የሚያስከብር ውል በሁለቱ አገሮች መካከል የለም። የሌለ ሕግ ፈርተህ ነው የገደልከው።»

«ከዘፈኑ ቅጂ ወስደሃል?» አለች የሺአረግ።

«ትናንት ጅቡቲ ላለው አስቀራጭ በባቡር ልኬዋለሁ» አለ ሃሺ። «በኔ ስም።»

«አስመልሱልኝ!»

ወልደጻድቅ አንገቱን ደፋ። «አልችልም።» ከዚያ ኪንሲን ፈታት።

የሺአረግ እንባዋን ሳትጠርግ ባዶ ካሴት አንስታ ሰጠቻት። «ዘፈኑን ቅጂና ጅቡቲ ውሰጂ። በጠፋበት ቦታ ላይ ስሙን አንቺ ተናገሪለት።»

ኪንሲ መቶ አለቃውን አየችው። እሱ እንዳላየ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።