በሞተሩ ሽፋን ላይ ያለው መዳፍ

ይህ የሆነ ነገር ነው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይለፈው።

ሆላንድ፣ ከባሕር በተነጠቀው ሜዳ ላይ ያለው፣ አውሮፕላን በግዙፍ ማራገቢያ ነፋስ የሚፈተንበት ዋሻ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት...

የትልቅ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ክንፍ፣ ከነሞተሩ ሽፋን፣ ዋሻው ውስጥ ተተክሏል። ሽፋኑ ላይ ቀያይ የሱፍ ክሮች በአንድ ጫፋቸው ተለጥፈዋል። ነፋሱ በየት እንደሚያልፍ የምናውቀው በነሱ ነው።

ዋሻ የሚገባ ሰው በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የተሰካውን የራሱን ቁልፍ ነቅሎ ይዞ ይገባል። አንድ ቁልፍ ከጎደለ ማራገቢያው አይዞርም። ሕጋችን ይኸው ነው።

ያን ቀን የሄሰል ቁልፍ ጎድሏል። ክር ለጣፊያችን እሱ ነው።

«ውስጥ ይሆናል» አልኩ።

አለቃችን ጌርሎፍ፣ ጠቋሚ ጣት በሌለው ቀኝ እጁ፣ ትርፍ ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። እንዴት እንደምጠላው!

«ያ ሆዳም የት ይሄዳል? ዳቦውን እየገመጠ ነው።»

«ቢኖርስ? ሰው እኮ ነው...»

«ማርቼ፣ አፍሽን ዝጊ!»

በሄሰል ቁልፍ ቦታ ሰካው። ማራገቢያው አጓራ።

ዋሻውን በሚያሳየው የመስኮት መስታወት አየሁ። ክሮቹ ወደ ኋላ ተኝተው ይርገበገባሉ...

ጥቂቶቹ ግን አይንቀሳቀሱም።

የሆነ ነገር ተጭኗቸዋል። አምስት ጣት... ከነመዳፉ።

«አጥፋው! ሄሰል ነው!»

የጌርሎፍ ፊት አመድ መሰለ። አጠፋው።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

ዞር አልን። ሄሰል በሩ ላይ ቆሟል። ባንድ እጁ ዳቦ፣ ባንድ እጁ ቁልፉ።

«ይቅርታ... ትናንት ኪሴ ውስጥ ረስቼው ሄጄ...»

ታዲያ ውስጥ ያለው ማነው?

«በእኔ ላይ ነው የምትቀልዱት?» ጌርሎፍ አንባረቀ። «ቆዩ፣ ክሩን የነካካውን አወጣዋለሁ!»

የራሱን ቁልፍ ሳይነቅል ገባ። ነቅሎም አያውቅም። ሕጉ ለእኛ እንጂ ለእሱ አልተሠራም።

በሩ ከኋላው ተዘጋ...

ማራገቢያው ዞረ።

ማንም አልነካውም። በማርያም ስም፣ ማንም! ቁልፎቹን ከሰሌዳው እየመነጨቅኩ ነቀልኳቸው። ሁሉም እጄ ላይ ናቸው... ማራገቢያው ግን ይዞራል።

«ማርቼ...» ሄሰል አንሾካሾከ። «ወደ መስታወቱ እንዳትዞሪ።»

አልዞርኩም። ብጠላውም ይህን አልተመኘሁለትም።

ማራገቢያው በራሱ ጊዜ ሲቆም ገባን።

ጌርሎፍ የለም። ደም የለም። ሌላ መውጫም የለም።

ክሮቹ ሁሉ ተንጠልጥለዋል... ከአንድ ቦታ በቀር።

ያ መዳፍ እንዳለ ነው። ከሥሩ ግን የሌላ እጅ ቅርጽ ተጨፍልቆ ታትሟል።

ጣቶቹ አራት ናቸው።