የስማቸው ቦቢና

የሹፌሩ የሞላ ሬሳ የተገኘው ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው የግማሽ ሰዓት ጉዞ ርቆ ነው። ኮፈኑ በተከፈተው የዕርዳታ ላንድሮቨር አፍንጫ ሥር ተደፍቶ ነበር። መኪናው የጫነው ስድስት ጆንያ የወተት ዱቄት የለም። ጊዜው 1967 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ የረሃብ ዓመት ለስድስት ጆንያ ወተት ሰው መገደሉ ማንንም አላስገረመም።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ አራጌ ከወረኢሉ ተጠርቶ ሲደርስ ጥፋተኛው ተይዟል ተባለ። መካኒኩ ስማቸው ነው። በዋዜማው የመኪናውን ቦቢና የቀየረው እሱ ነበር፤ ቦቢናው የባትሪውን ኃይል አብዝቶ ለካንዴላዎቹ ካልላከ ሞተሩ አይሠራም። ከሞላ ጋር የተጓዙት የመጋዘን ኃላፊው አቶ ንጉሡ ለዕርዳታ ኮሚቴው እንዳስረዱት፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መኪናው ኩርባው ላይ ቀጥ አለ። እሳቸው ሰው ለመጥራት በእግር ከተማ ደርሰው ሲመለሱ ሽፍቶች ሞላን ገድለው ጭነቱን ወስደዋል። ስማቸው ከሽፍቶቹ ጋር ተመሳጥሮ የተበላሸ ቦቢና ገጠመ ተባለ። በማግሥቱ ደሴ ይላካል። አሻጥረኛ ተብሎ ደሴ የተላከ ሰው እስካሁን አልተመለሰም።

«ቦቢናውን ፈትሸኸው ነበር?» አለው አራጌ እስር ቤት ገብቶ።

«ወላሂ ፈትሼዋለሁ። ገመዱን ከብረት ሳስጠጋው ሰማያዊ እሳት ነው የተፋው። ደህና ነው።»

«በስንት ሰዓት?»

«በማለዳ፣ በውርጩ። እዚህ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንፈትሸው።»

አራጌ ቀጥሎ ሬሳውን ያነሣችውን ጤና ረዳት ይርገዱን ጠየቀ። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው፣ ጠባብ ነው፣ የብረት እንጂ የድንጋይ አይመስልም አለች። መኪናው ወዴት ዞሮ እንደነበር ሲጠይቃት ወደ መስኮቱ ተመለከተች፤ አቶ ንጉሡ ውጭ ቆመዋል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወደ ከተማ አለችው።

አራጌ ወጥቶ ይህንኑ አቶ ንጉሡን ጠየቃቸው። ቁልቁል ተንደርድሮ እንዲነሣ ከሞላ ጋር ገፍተው እንዳዞሩት ተናገሩ።

«ሁለት ሰው? ከነጭነቱ?»

«የቸገረው ይገፋል፣ ሃምሳ አለቃ። እርስዎ ገፍተው አያውቁ ይሆናል።»

አራጌ ፈገግ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

በማግሥቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በላንድሮቨሩ ስድስት ጆንያ አሸዋ አስጫነ። አቶ ንጉሡን አጠገቡ አስቀመጠ፤ ይርገዱና እጁ የታሰረው ስማቸው አሸዋው ላይ ወጡ። መሪውን ራሱ ያዘ። ኩርባው ሲቃረብ ስማቸው ዓይኑን ጨፈነ። መኪናው አለፈ፤ እንኳን ሊቆም አላሳለም። ከከተማው ከወጡ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሲሆን ግን ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ።

«ገደለኝ» አለ ስማቸው።

አራጌ ሁሉንም አውርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ገመዱን ከብረቱ አስጠጋ፤ እሳት የለም። እርጥብ ጨርቅ ቦቢናው ላይ ጠምጥሞ ጠበቀና ደገመው። ሰማያዊ እሳት ዘለለ።

«ቦቢናው ብልሽት አለበት» አለ። «ግን ሲግል ብቻ ነው የሚከዳው፣ ለመጋልም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በውርጭ ማለዳ በግማሽ ሰዓት አይቆምም። ኩርባው ላይ የቆመው ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ ፊቱም ወደ ከተማ የዞረው ለዚህ ነው። እንግዲህ ከኩርባው አልፎ ሃያ ደቂቃ ያህል ሄዶ፣ ጭነቱን አራግፎ ተመልሷል። ይርገዱ፣ ከኩርባው ሃያ ደቂቃ ላይ ያለፍነው መንደር የማን ነው?»

«የአቶ ንጉሡ አማቶች» አለች፣ በዚህ ጊዜ ድምጿን ሳትቀንስ።

«ሞላ ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነበር። ሽፍታ ሲመጣበት ማን ጀርባውን ይሰጣል? ጀርባውን የሰጠው ለሚያውቀው ሰው ነው።»

«ሞላ ለኮሚቴው እናገራለሁ አለኝ» አሉ አቶ ንጉሡ። «መኪናው ባይቆም ኖሮ እለምነው ነበር፣ ወይም አስፈራራው ነበር። ግን ቆመ፤ የሞተር ማስነሻው ብረት እጄ ላይ ነበር።»

ሲመለሱ ወተቱን ከአቶ ንጉሡ አማቶች ጎተራ አወጡት። አራጌ የስማቸውን እጅ ፈታ። ስማቸው ግን ቦቢናውን እያየ ነበር።

«ደህና ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «ሞላ ከተማ ይገባ ነበር።»



ከዚያ ወዲህ ስማቸው ማንኛውንም ቦቢና ከመግጠሙ በፊት የፈላ ውሃ ባለው ድስት ውስጥ አቁሞ ያግለውና እሳቱን ይፈትሻል። የቸኮለ ሹፌር ሲነዘንዘውም እስኪግል ይጠብቃል።